ሃርድ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ክፈቱት

ሃርድ ዲስክ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚወጣው አንድ ጥያቄ ነው፤ «አንድ ቴራ ስንት ነው?» ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ይከፍላል፣ ቤቱ ይገባል። ከዚያ ላፕቶፑን ሲፈታው ዕቃው አልገባ ይላል። ወይ ይገባና ኮምፒውተሩ አያየውም። ወይ ያየውና ዊንዶውስ ከእሱ አልነሳ ይላል። የሦስቱ ችግሮች ምክንያት ለየቅል ነው። ሦስቱንም ግን ብር ከመውጣቱ በፊት፣ ቤት ቁጭ ብሎ ማጣራት ይቻላል።

ነገሩ በተለይ የሚመለከታቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንዱ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ፣ እስኪነሳ ትዕግስቱ የሚያልቅና «ኤስኤስዲ አስገባበት» የተባለ ሰው ነው። ሌላው አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመዱ ሲመጣ ዲስክ ይዞለት እንዲመጣ ሊያዝ ያሰበ ነው። የሁለተኛው ስህተት ይብሳል። ዕቃው በሻንጣ ከመጣ በኋላ «አልሆነኝም፣ ቀይሩልኝ» የሚባልበት ሱቅ የለም። ስለዚህ ለዘመድ በሚላከው መልእክት ላይ ከመጠኑ ሌላ ቅርጹና የመሰኪያው ዓይነት፣ ቢቻል ደግሞ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩ መኖር አለበት።

የሚሽከረከረውና የማይሽከረከረው

ሱቅ ውስጥ የሚሽከረከረውንም፣ የማይሽከረከረውን ኤስኤስዲንም «ሃርድ ዲስክ» ሲሉ ትሰማላችሁ። ሥራቸው አንድ ነው፤ አሠራራቸው ግን አይገናኝም። በነባሩ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። የላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ዙር፣ የዴስክቶፑ 7200 ዙር ይሽከረከራል። ከሳህኑ በላይ አንድ ክንድ አለ፤ ጫፉ ላይ ያለው ጭንቅላት ያነባል፣ ይጽፋል። አንድ ፋይል ሲፈለግ ክንዱ ወደ ቦታው ይሄዳል። ከዚያ የተፈለገው ቦታ ዞሮ ከጭንቅላቱ ስር እስኪደርስ ይጠበቃል። በ5400 አንድ ሙሉ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የክንዱ ጉዞ ሲጨመርበት አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘት ብቻ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይሄዳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን የሚያነበው በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ስለሆነ፣ ጥበቃው ተጠራቅሞ ደቂቃዎች ይሆናል።

ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ዳታው ያለው ቺፕ ላይ ነው፤ የተፈለገውን ለማግኘት የሚፈጅበት 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ሲገባለት ነፍስ የሚዘራው በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮሰሰሩ ድሮም አልደከመም፤ ዲስኩን ሲጠብቅ ነበር።

እኔ በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ዊንዶውስ የሚጫንበት ዲስክ ዛሬ ኤስኤስዲ መሆን አለበት። 256 ጊጋ ኤስኤስዲና 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ በእኩል ዋጋ ቢቀርቡላችሁ፣ ላፕቶፑም የሚይዘው አንድ ብቻ ቢሆን፣ ሳታመነቱ 256ቱን ውሰዱ። ፊልሙና ፎቶው ውጭ የሚሰካ ዲስክ ላይ ይቀመጣል።

ይህ ማለት ግን የሚሽከረከረው ጊዜው አልፎበታል ማለት አይደለም። ብዙ ዳታ በትንሽ ብር ለማስቀመጥ አሁንም የሚስተካከለው የለም። የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ፣ የሱቁን ካሜራ ሌት ተቀን የሚቀዳ ሰው ያለ እሱ አይሆንለትም። ኤስኤስዲ ደግሞ ያለ ኤሌክትሪክ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ የተሠራ ዕቃ አይደለም። የኢንዱስትሪው ደረጃ ከተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ የሚጠብቀው፣ የመጻፍ ዕድሜውን ከጨረሰ በኋላ በ30 ዲግሪ ሙቀት ያለ ኃይል ለ1 ዓመት ዳታውን እንዲይዝ ነው። አዲስ የሆነው ከዚያ በላይ ይቆያል። ቢሆንም የልጆችን ፎቶ ለዓመታት ለማስቀመጥ ብጠየቅ የምመርጠው ሃርድ ዲስክን ነው፤ ያውም ሁለት ቦታ ገልብጦ።

ልኩና መሰኪያው

የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ 3.5 ኢንች ነው፤ የላፕቶፕ 2.5 ኢንች። ይህን ሻጩም ይጠይቃችኋል። ብዙ ጊዜ የማይጠይቃችሁ ውፍረቱን ነው። 2.5 ኢንች ዲስኮች 7 ሚሊሜትር፣ 9.5 ሚሊሜትር፣ አንዳንዶቹም 15 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው። ቀጭን ላፕቶፕ 7ቱን ብቻ ይቀበላል። ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ230 ያለው ሰው ለምሳሌ 9.5 ቢገዛ ክዳኑ አይገጥምለትም። ኤስኤስዲዎች በአብዛኛው 7 ስለሆኑ በዚህ በኩል ችግር የላቸውም። ይልቁንም ልል ይሆናሉ፤ ላፕቶፑ ለ9.5 የተሠራ ከሆነ ዙሪያውን የሚሞላ የፕላስቲክ ፍሬም ያስፈልጋል። አንዳንድ ኤስኤስዲ ከካርቶኑ ጋር ይዞት ይመጣል።

መሰኪያው ሳታ ይባላል። ጎን ለጎን ሁለት ክፍል አለው፤ አጭሩ ባለ 7 እግር ለዳታ፣ ረጅሙ ባለ 15 እግር ለኃይል። ማሽናችሁ በሳታ ፈንታ ያንን ሰፊና ጠፍጣፋ ባለ 40 ቀዳዳ ኬብል የሚጠቀም ከሆነ፣ ለዲስክ የምታወጡት ብር ለሌላ ማሽን ቢጠራቀም ይሻላል።

ሳታ ሦስት ትውልድ አለው፤ በሰከንድ 1.5፣ 3 እና 6 ጊጋቢት። ደስ የሚለው እርስ በርስ መስማማታቸው ነው። አዲሱን ዲስክ አሮጌ መሰኪያ ላይ ብትሰኩት በመሰኪያው ፍጥነት ይሠራል። ባለ 6ቱ በተግባር በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል፤ ባለ 3ቱ የዚያን ግማሽ። «ላፕቶፔ ሳታ 2 (ባለ 3ቱ) ስለሆነ ኤስኤስዲ አይጠቅመውም» የሚል ምክር ብትሰሙ አትቀበሉ። የቀድሞው ሃርድ ዲስክ በጥሩ ቀኑ 100 ሜጋባይት ገደማ ነበር የሚያነበው፤ ትልቁ ትርፍ ደግሞ ቅድም ያልነው የጥበቃው መቅረት ነው።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ትራንስፈር ሞድ በሚለው ሳጥን ውስጥ ሁለት ነገር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተለያይቶ ታያላችሁ። ግራው አሁን የሚሠራበት ፍጥነት ነው፤ ቀኙ ዲስኩ የሚችለው። ግራ «ሳታ/300» (ባለ 3ቱ)፣ ቀኝ «ሳታ/600» (ባለ 6ቱ) ከሆነ ዲስኩ አዲስ ነው፤ ፍጥነቱን የያዘው መሰኪያው ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ በአንድ ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱም ዓይነት መሰኪያ ሊኖር ስለሚችል፣ ኬብሉን ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ከዚያ ክፈቱት። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ። እጃችሁን ብረት ነገር አስነኩና የታችኛውን ክዳን ፍቱ። ዲስኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱ። ጽሑፉ የማይገባ ቢመስልም ይናገራል። ሲጌት ከሆነ የሞዴሉ ቁጥር ኤስቲ ብሎ ይጀምርና መጠኑን በጊጋባይት ያስከትላል። ቀጥሎ ኤልኤም ካለ የላፕቶፕ ነው፤ ዲኤም ካለ የዴስክቶፕ። ፎቶውን ለሻጩ ብታሳዩት የግማሽ ሰዓት ክርክር ታተርፋላችሁ። ለዘመድ መላክም እንደዚሁ ይቀላል።

ዴስክቶፕ ያላችሁ ደግሞ ሳጥኑን ስትከፍቱ የምታዩት ዲስኩን ብቻ አይሁን። ባዶ የሳታ መሰኪያ አለ? ከኃይል ሰጪው የሚመጣ ትርፍ የሳታ ኬብል አለ? የዳታ ኬብሉ ብዙ ጊዜ ከዲስኩ ጋር አይመጣም፤ ለብቻው መግዛት ነው። በ3.5 ቦታ ላይ 2.5 ኤስኤስዲ ለማሰር ቅንፍ ያስፈልጋል፤ ባይኖርም ኤስኤስዲው ስለማይንቀሳቀስና ቀላል ስለሆነ በጥሩ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ቢያዝ ምንም አይሆንም። ሃርድ ዲስክን ግን እንዲህ አታስሩ፤ ይንቀጠቀጣል። እነዚያ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ቦታ የማይይዙ ትንንሽ ዴስክቶፖች፣ የሌኖቮ ታይኒ፣ የዴል ማይክሮ፣ የኤችፒ ሚኒ፣ የላፕቶፑን 2.5 እንጂ 3.5 አይቀበሉም።

ከሰርቨር የወጣ ትልቅ ዲስክ በርካሽ ካጋጠማችሁ መሰኪያውን አተኩራችሁ እዩት። በሳታ ላይ በዳታውና በኃይሉ መካከል ባዶ ክፍተት አለ። ክፍተቱ ተሞልቶ አንድ ወጥ ከሆነ ሳስ የሚባል የሰርቨር ዲስክ ነው። ከቤት ኮምፒውተር ጋር አይገናኝም፤ ርካሽ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ኤም.2 ላይ ቀስ በሉ

በጣም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የሚሳሳተውም ባለማወቁ ብቻ አይደለም፣ አምራቾቹ ራሳቸው ነገሩን አወሳስበውታል።

ኤም.2 በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ቀጭን ካርድ ነው። ኬብል የለውም። አንዱ ጫፉ ይሰካል፣ ሌላው ጫፉ በአንዲት ትንሽ ብሎን ይታሰራል። ከስሙ ጋር የሚጻፈው ቁጥር ልኩ ነው። 2280 ማለት ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ነው። 2242 እና 2230 የሚባሉ አጫጭሮችም አሉ። ገበያ ላይ በብዛት ያለው 2280 ነው። የላፕቶፓችሁ ቦታ ለ2242 ከሆነ ረጅሙ በምንም ተአምር አይገባም።

ይህ በዓይን የሚታየው ነው። በዓይን የማይታየው ካርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው። አንዳንዱ ኤም.2 የሚነጋገረው በዚያው በሳታ ነው። ሌላው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው የማዘርቦርዱ ፈጣን መስመር ላይ፣ ኤንቪኤምኢ በሚባል አሠራር ነው። ሁለቱ በቅርጽ አንድ ናቸው። አንዱን በሌላው ቦታ ብትሰኩት አይቃጠልም፣ አይጮህም፤ ዝም ብሎ አይታይም። ከዚያ «የተበላሸ ሸጡልኝ» ተብሎ ጠብ ይነሳል፤ ካርዱ ግን ደህና ነው።

ካርዱን በእጃችሁ ያዙና ወርቃማ ጥርሶቹን እዩ። በጥርሶቹ መካከል የተቆረጠ ክፍተት አለ። ኤንቪኤምኢ ካርዶች በአብዛኛው አንድ ክፍተት አላቸው። የሳታ ኤም.2 ካርዶች በአብዛኛው ሁለት። ችግሩ፣ ባለ ሁለት ክፍተቱ ካርድ ለባለ አንዱ በተሠራው ቦታም መግባቱ ነው። ስለዚህ የሳታው ካርድ ኤንቪኤምኢ ብቻ በሚቀበል ቦታ ውስጥ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፣ ብሎኑም ይታሰራል፣ ግን አይሠራም። ባለ ሁለት ክፍተት የሆኑ ጥቂት ኤንቪኤምኢዎችም አሉ። ክፍተት መቁጠር ለመጠርጠር ይረዳል፤ የሚፈርደው ግን የሞዴል ቁጥሩ ነው።

የንግድ ስሙን ብቻ አትመኑ። ዌስተርን ዲጂታል የሚጠቀምበትን ደብሊውዲ ብሉ የሚለውን ስም እንውሰድ። በዚህ አንድ ስም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ተሽጧል፣ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ተሽጧል፣ የሳታ ኤም.2 ተሽጧል፣ ኤንቪኤምኢም ተሽጧል። ኤንቪኤምኢው ኤስኤን550፣ ኤስኤን570 እየተባለ ኤስኤን ከሚል ቁጥር ጋር ይመጣል። ሳምሰንግ ላይ 860 ኢቮ ኤም.2 ሳታ ነው፤ 970 ኢቮ ደግሞ ኤንቪኤምኢ፤ ካርዶቹ ግን እኩል ናቸው። ኪንግስተን ላይ ኤ400 ሳታ ነው፣ ኤንቪ2 ኤንቪኤምኢ። ሻጭ «ደብሊውዲ ብሉ ኤም.2 አለኝ» ሲላችሁ ገና ምንም አልነገራችሁም።

የራሳችሁ ማሽን የትኛውን ይቀበላል? አንዳንዱ ሳታን ብቻ፣ አንዳንዱ ኤንቪኤምኢን ብቻ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም። ይህን አይቶ መገመት አይቻልም፤ ማንበብ ነው። ኤችፒና ሌኖቮ ለየሞዴላቸው የጥገና መመሪያ በነፃ ያወጣሉ። ዴል ላይ ደግሞ ከላፕቶፑ ስር ያለውን ሰርቪስ ታግ ድረ ገጹ ላይ ብታስገቡ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን ዲስክ እንደነበረው ይነግራችኋል። ለዴስክቶፕ የማዘርቦርዱ ማኑዋል አለ። እሱን ስታነቡ አንድ ተጨማሪ ነገር ፈልጉ፤ በአንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ኤም.2ው ሲያዝ ከሳታ መሰኪያዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ሥራ ያቆማሉ። ነባሩ ዲስክ ድንገት የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ይህን ይጠርጥር።

ላፕቶፕ ውስጥ ኤም.2 የሚመስል ሌላ ቦታ ልታዩ ትችላላችሁ። አንዱ ዋይፋይ ካርዱ ያለበት ነው። ሌላው፣ ባዶ ሆኖ የሚያጓጓው፣ ለሲም ካርድ ሞደም የተተወ ነው። መመሪያው «እዚህ ዲስክ ይገባል» ካላለ ለዲስክ አይሆንም ብላችሁ ተነሱ።

ስለ ፍጥነቱ ብዙ አልልም። በሦስተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚሠራ ኤንቪኤምኢ በሰከንድ እስከ 3500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ አራተኛው እስከ 7000 ገደማ። አራተኛው በሦስተኛው ቦታ ላይ ይሠራል፣ በሦስተኛው ፍጥነት። ቢሮ ውስጥ ወርድና ኤክሴል የሚጠቀም፣ ቤት ዩትዩብ የሚያይ ሰው ከሳታ ኤስኤስዲ ወደ ኤንቪኤምኢ ሲሻገር የሚሰማው ለውጥ ትንሽ ነው። ትልቁ ዝላይ ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ነው። ቪዲዮ የሚያቀናብር ግን ልዩነቱን በየቀኑ ያየዋል። ለላፕቶፕ ስትገዙ ወፍራም የብረት ማቀዝቀዣ የተለጠፈበትን አትውሰዱ፤ ክዳኑ አይዘጋም።

አሮጌው ማሽንና ጭራሽ የማይቀየረው

ኤም.2 የሌለው ዴስክቶፕ ላይ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ አማካይነት ኤንቪኤምኢ መሰካት ይቻላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2012 እንደወጣው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ያለ ማሽን ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ኤንቪኤምኢን አያውቅም። ዊንዶውስ ከሌላ ዲስክ ከተነሳ በኋላ ያየዋል እንጂ፣ ራሱ ዊንዶውስ ከእሱ አይነሳም። የኢንቴል ማሽኖች በብዛት ከኤንቪኤምኢ መነሳት የጀመሩት ከ2015 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ለተሠራ ማሽን 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ግዙና ተገላገሉ። በዚያው ዘመን ኤምሳታ የሚባል አጭር ካርድም ነበር። ኤክስ230 ላይ ያለው እሱ ነው። ኤም.2 እዚያ አይገባም።

ከ2 ቴራ በላይ ለማስገባት ያሰባችሁም ባዮሱን እዩ። ኤምቢአር የሚባለው ዲስክን የመከፋፈያ የድሮ ዘዴ ከ2 ቴራ በላይ ማስተዳደር አይችልም። 4 ቴራ ገዝታችሁ ግማሹ «አልተመደበም» ቢላችሁ ዲስኩ የውሸት አይደለም፤ በኤምቢአር ስለተዘጋጀ ነው። ጂፒቲ በሚባለው አዲሱ ዘዴ ማዘጋጀት ይፈታዋል። ዊንዶውስ ራሱ ከዚያ ዲስክ እንዲነሳ ከፈለጋችሁ ግን ማሽኑ ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ ባዮስ ያለው መሆን አለበት። ዊንዶውስ 11ም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ቲፒኤም 2.0 ከሚባለው የደህንነት ክፍል ጋር። ዲስክ መቀየር አሮጌውን ላፕቶፕ ያፈጥነዋል፣ ለዊንዶውስ 11 ብቁ ግን አያደርገውም።

ምንም የማይሠራላቸውም አሉ። ኤም1 ቺፕና ከዚያ ወዲህ ያሉት ማክቡኮች ማከማቻቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ባለ 32 ወይም ባለ 64 ጊጋ ርካሽ ላፕቶፖችና ብዙ ክሮምቡኮችም እንዲሁ፤ ኢኤምኤምሲ የሚል ካያችሁ ያ ነው። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ስትገዙ መጠኑን ዛሬ ላይ ወስኑ፣ በኋላ መጨመር የለም።

ስንት ጊጋ፣ ምን ዓይነት

1 ቴራ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 931 ጊጋ ቢላችሁ ማንም አልሰረቃችሁም። አምራቹ በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። 500ው 465 ይሆናል፣ 256ቱ 238።

120 ጊጋ ኤስኤስዲ አሁንም ይሸጣል፤ አትግዙት። ዊንዶውስ፣ ማሻሻያዎቹና ጥቂት ፕሮግራሞች ሲገቡ ይሞላል፣ የሞላ ኤስኤስዲ ደግሞ ይዘገያል። ለቢሮ ሥራ 240 ወይም 256፣ ለተማሪና ለቤተሰብ 500 ገደማ ይመቻል። «ኤስኤስዲ በመጻፍ ብዛት ቶሎ ያልቃል» የሚለው ስጋት ተጋንኗል። ሳምሰንግ ለ870 ኢቮ ባለ 500 ጊጋው የሚሰጠው የመጻፍ ዋስትና 300 ቴራባይት ነው። በቀን 30 ጊጋ ብትጽፉበት፣ ይህም ለተራ ሰው ብዙ ነው፣ 10,000 ቀን ይፈጃል። ከ27 ዓመት በላይ ማለት ነው።

የሚሽከረከር ለሚገዛ ሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ ሲኤምአር ነው ወይስ ኤስኤምአር? ሲኤምአር መስመሮቹን ጎን ለጎን ይጽፋል። ኤስኤምአር ብዙ ለማስገባት ሲል እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን መስመር በሌላው ጠርዝ ላይ ይደርበዋል። ከታች ያለውን ቆርቆሮ ለመቀየር የላይኛውን ማንሳት ግድ እንደሚል ሁሉ፣ እዚህም አንዱን መስመር ለማስተካከል ጎረቤቶቹን እንደገና መጻፍ ይመጣል። አንዴ ጽፎ ለማስቀመጥ ችግር የለውም። ሁልጊዜ ለሚጻፍበት ሥራ ግን ይጎተታል። ይህ በካርቶኑ ላይ አይጻፍም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለኔትወርክ ማከማቻ በሚሸጠው ሬድ በሚባለው ዲስክ ውስጥ ኤስኤምአር መኖሩ ሲታወቅ ደንበኞች ክፉኛ ተቆጡ። ከዚያ በኋላ አምራቾች በድረ ገጻቸው ላይ ዝርዝሩን ማውጣት ጀመሩ። የሞዴል ቁጥሩን ይዛችሁ እዚያ እዩ። ለደህንነት ካሜራ ከሆነ ለዚያው የተሠሩ አሉ፤ ደብሊውዲ ፐርፕልና ሲጌት ስካይሆክ።

ያገለገለና የውሸት

ያገለገለ ኤስኤስዲ መግዛት አያስጠላም። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ግን ሳይታይ አይከፈልበትም። ሻጩን ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን እንዲከፍት ጠይቁት። ፓወር ኦን አወርስ የሚለው ዲስኩ በርቶ የቆየበት ሰዓት ነው። 26,000 ካለ፣ 3 ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ ሠርቷል ማለት ነው፤ ከካሜራ መቅጃ ወይም ከሰርቨር የወጣ ሊሆን ይችላል። ሪአሎኬትድ ሴክተርስ እና ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር የሚሉት ላይ ደግሞ ከዜሮ ሌላ ቁጥር ካለ ተዉት። የተበላሸ ቦታ መብዛት ከጀመረ ብዙ ጊዜ አይቆምም። ሻጩ «አይቻልም፣ አሁን ኮምፒውተር የለም» ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ሰዓቱም ሊጠፋ እንደሚችል እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ለዓመታት የሠሩ ትልልቅ የሲጌት ዲስኮች ሰዓታቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተገኝተዋል። ከሱቅ የተገዛ «አዲስ» ዲስክንም ስትሰኩት አንድ ጊዜ ብትመለከቱት አይከፋም፤ መያዣዎቹ ላይ የብሎን ጭረት ካለ ከዚህ በፊት ታስሮ ነበር ማለት ነው።

16 ቴራ የሚል ኤስኤስዲ በአንድ ቴራ ዋጋ ካያችሁ የውሸት ነው። ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ተደርጎ፣ ለኮምፒውተሩ ትልቅ ነኝ እንዲል ተስተካክሎ ይሸጣል። ፋይሉ የተገለበጠ ይመስላል፤ በኋላ ሲከፈት ባዶ ነው። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ ግን አይሸነግልም።

ውጭ የሚሰካ ዲስክ ፈትተው ላፕቶፕ ውስጥ ለማስገባት የሚያስቡም አሉ። ብዙዎቹ የደብሊውዲ ኪስ ዲስኮች ውስጥ የሳታ መሰኪያ የለም፤ ዩኤስቢው ራሱ ዲስኩ ሰሌዳ ላይ የተበየደ ነው።

ከተሰካ በኋላ

ከአሮጌው ወደ አዲሱ ዊንዶውሱን እንዳለ ለማዛወር ክሎኔዚላ የመሰለ ነፃ ፕሮግራምና ከሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ይበቃል። አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ጋር እኩል ወይም የሚበልጥ ቢሆን ሥራው ይቀላል። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ በርቶ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሥራውን ዴስክቶፕ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ከዜሮ መጀመር ነው። እኔ ግን ዕድሜው ለገፋ ዊንዶውስ አዲስ መጫንን እመርጣለሁ፤ የቆየው ቆሻሻ ይቀራል።

ተጨማሪ አድርጋችሁ የሰካችሁት አዲስ ዲስክ ማይ ኮምፒውተር ውስጥ ባይታይ አትደንግጡ። ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈቱ፤ እዚያ ጥቁር መስመር ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጂፒቲ ብላችሁ አስጀምሩትና ፎርማት አድርጉት። ዊንዶውስ ስትጭኑ ኤንቪኤምኢው ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ ላፕቶፑም የ11ኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ ዊንዶውስ ዲስኩን እንዲያየው የሚያደርገው የኢንቴል ቪኤምዲ ድራይቨር ሊጎድል ይችላል። ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አውርዳችሁ በፍላሽ ይዛችሁ ቅረቡ። ዲስኩን ወደ ሱቅ ከመመለሳችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

የወጣው ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ደህና ከሆነ የዩኤስቢ ኬዝ ገዝታችሁ መጠባበቂያ አድርጉት፤ ከዩኤስቢው የሚመጣው 5 ቮልት ይበቃዋል። ባለ 3.5ቱ 12 ቮልትም ስለሚፈልግ የራሱ አዳፕተር ያለው ኬዝ ግዙለት። ልትሸጡት ከሆነ ግን ፈጣኑ ፎርማት ፋይሉን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ማውጫውን ብቻ ነው። ኩዊክ ፎርማት የሚለውን ምልክት አንሱና ሙሉውን አድርጉ። ሌሊቱን ይፈጃል፤ ጠዋት ላይ የባንክ ወረቀታችሁና የቤተሰብ ፎቶው ለገዢው አይደርስም።